ሥራ አስኪያጅ ሲለወጥ መዝገቡ አይለወጥም

የአንድ ትልቅ የንግድ ቤት አለቃ ከወንበሩ ሲነሣ ወሬው ከሒሳቡ መግለጫ ቀድሞ ገበያ ይደርሳል። አበዳሪው ስለ ገንዘቡ፣ ወኪሉ ስለ ውሉ፣ ሠራተኛው ስለ እንጀራው፣ ባለአክሲዮኑም ስለ ድርሻው ዋጋ ይጠይቃል። ከእነዚህ ሁሉ ፈጥኖ የሚፈርደው ባለአክሲዮኑ ነው፤ በአክሲዮን ገበያ ፍርዱ በዚያው ቀን በዋጋ ይነገራልና። ነገር ግን በችኮላ የተሰጠ ፍርድ ብዙ ጊዜ ግማሹ ብቻ እውነት ሆኖ ይገኛል። የአለቃ መለወጥ ለታመመ ኩባንያ ብቻውን መድኃኒት ሊሆነው አይችልም፤ ጥቅም የሚኖረው ተተኪው መዝገቡን ገልጦ፣ ተሸፍኖ የቆየውን ጉዳት በቁጥር ለመናገር የደፈረ እንደ ሆነ ነው። ለዚህ ነገር የስዊድኑ የቴሌፎን መሣሪያ ሠሪ የኤሪክሰን ታሪክ መልካም ምስክር ስለ ሆነ፣ አስመጪውም ላኪውም ባለሱቁም ቢመለከተው ይጠቀምበታል። በዚህ ጽሑፍ የሚነገሩት ዘመናት ሁሉ በኤውሮፓ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

በ1876 ላርስ ማኙስ ኤሪክሰን የተባሉ ሰው በስቶክሆልም ከተማ የቴሌግራፍ መሣሪያ የሚጠገንበት አንድ አነስተኛ የሥራ ቤት ከፈቱ። ይህ የሥራ ቤት ከጊዜ ወደ ጊዜ እያደገ ሄዶ በዓለም ዙሪያ የቴሌፎን መሣሪያ ከሚያቀርቡት ቤቶች ከቀዳሚዎቹ አንዱ ሆነ። በ2014 መጨረሻ በኢትዮጵያም የተንቀሳቃሽ ስልክ መረብ ማስፋፊያ ሥራ ውስጥ ድርሻ ተሰጥቶት ነበር። እንዲህ ያለው ስመ ጥር ቤት በሐምሌ ወር 2016 ታላቅ ጭንቀት ደረሰበት። በዚያ ወር የወጣው የሩብ ዓመት መግለጫ ሽያጩ ካለፈው ዓመት ተመሳሳይ ወራት በ11 በመቶ፣ የተጣራው ትርፍ ደግሞ በ26 በመቶ መቀነሱን ገለጠ። ከጥቂት ቀናት በኋላ፣ ጁላይ 25 ቀን፣ የዲሬክተሮቹ ቦርድ ከ2010 መጀመሪያ ጀምሮ ኩባንያውን የመሩት ዋና ሥራ አስኪያጅ ሚስተር ሃንስ ቬስትበርግ ከሥራቸው መነሣታቸውን አስታወቀ። ተተኪ ገና ስላልተመረጠ የገንዘብ ክፍሉ ኃላፊ ሚስተር ያን ፍሪክሃማር ለጊዜው ሥራውን ያዙ።

በዚያ ቀን የኩባንያው አክሲዮን ዋጋ ወደ ላይ ወጣ። አንድ ትልቅ ቤት ያለ ቋሚ አለቃ ቀርቶ ሳለ ድርሻው መወደዱ፣ ነገሩን ከሩቅ ለሚያይ ሰው እንግዳ ነገር ነው። ባለአክሲዮኖቹ ግን «ጉዳቱን ያመጣው ሰው ሄዷል፤ እንግዲህ ነገሩ ይቃናል» ብለው ፈርደው ነበር። ይህ ፍርድ ምን ያህል ትክክል እንደ ነበረ ለማወቅ፣ ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ እንዲሉ፣ አስቀድሞ የዚህን ንግድ ጠባይ መመርመር ያስፈልጋል።

የቴሌፎን መሣሪያ ንግድ እንደ ጨርቅ ወይም እንደ ስኳር ንግድ አይደለም። ጨርቅ ነጋዴ አንድ ገዢ ቢያጣ ሌላ መቶ ገዢ ይጠብቃል። የመሣሪያ ሠሪው ደንበኞች ግን በየአገሩ ያሉት የቴሌፎን ኩባንያዎች ናቸው፤ እነርሱም በቁጥር ጥቂቶች ናቸው። አንዱ ትልቅ ደንበኛ በጀቱን ለአንድ ዓመት ቢያዘገይ ጉዳቱ ወዲያውኑ በሠሪው መዝገብ ላይ ይታያል። ከዚህም በቀር ገበያው እንደ ክረምትና በጋ የሚፈራረቅ ነው። አዲስ የስልክ ትውልድ በመጣ ጊዜ ሁሉም በአንድነት ይገዛል፤ መረቡ ተዘርግቶ ካለቀ በኋላ ደግሞ ሁሉም በአንድነት እጁን ይሰበስባል። መሣሪያ ሠሪው ግን በድርቁም ጊዜ ቢሆን ለሚመጣው ትውልድ ምርምር በያመቱ ብዙ ቢሊዮን ክሮና ማውጣት ግዴታው ነው። ምርምሩን ቢያቆም ዝናቡ ሲመለስ የሚዘራው ዘር አይኖረውም።

በ2016 የደረሰው ይኸው ነበር። በኤውሮፓ የአራተኛው ትውልድ መረብ ዝርጋታ ከሞላ ጎደል አልቆ ነበር። በብራዚል፣ በሩሲያና በመካከለኛው ምሥራቅ የኢኮኖሚው መዳከም የቴሌፎን ኩባንያዎቹን የመግዛት አቅም ቀነሰው። የቻይናው ሁዋዌ በዋጋም በሥራ ፍጥነትም ከፊት ቀደመ፤ የፊንላንዱ ኖኪያ ደግሞ የፈረንሳይና የአሜሪካ ቅይጥ የነበረውን አልካቴል ሉሰንትን ገዝቶ ጉልበቱን አበረታ። የኤሪክሰን የዓመት ሽያጭ በ2015 ከነበረበት ወደ 247 ቢሊዮን የስዊድን ክሮና በ2016 ወደ 223 ቢሊዮን ወረደ። ከእነዚህ ምክንያቶች አብዛኞቹ ከሥራ አስኪያጁ ቢሮ ውጭ የተወለዱ መሆናቸውን አስተዋይ ሰው አይስተውም።

የሆነ ሆኖ በዚያ ዘመን የባለአክሲዮኖቹ አሳብ በሦስት የተከፈለ ነበር ለማለት ይቻላል። የመጀመሪያዎቹ ጥፋቱን በሰውየው ላይ አደረጉ። እንደ እነርሱ አባባል ኩባንያው ዋና ሙያው ከሆነው ከሬዲዮ መረብ ሥራ ወጥቶ በብዙ አዳዲስ መስኮች ተበታትኗል፤ የሌሎችን መረብ በኮንትራት እየያዘ የማስተዳደር ሥራም ሽያጭን እንጂ ትርፍን አላበዛም። ሁለተኛዎቹ ጥፋቱ የገበያው ነው፤ ማንም ቢቀመጥ የአምስተኛው ትውልድ ዘመን እስኪመጣ ድረስ ችግሩ አይቀርም የሚሉ ነበሩ። ሦስተኛዎቹ ደግሞ ከሥራ አስኪያጁ አልፈው ወደ ቦርዱና ወደ ባለቤቶቹ ተመለከቱ። በኤሪክሰን ደንብ አክሲዮኖቹ በሁለት ደረጃ የተከፈሉ ሲሆኑ፣ የሁለተኛው ደረጃ አክሲዮን ያለው ድምፅ የአንደኛው ዐሥረኛ እጅ ብቻ ነው። ስለዚህ ኢንቬስተር የተባለው የስዊድን ኩባንያ ከዋናው ገንዘብ ከዐሥር አንድ እጅ ያነሰ ይዞ ሳለ ከድምፁ ግን ከአምስት አንድ እጅ በላይ ነበረው። ሦስተኛዎቹ «ሹመቱም ሽረቱም በጥቂቶች እጅ ከሆነ፣ ተጠያቂው የተሻረው ብቻ እንዴት ይሆናል?» ብለው ይጠይቁ ነበር።

ሦስቱም አሳቦች የየራሳቸው እውነት አላቸው። የመጀመሪያው አሳብ ግን ከሁሉም ይልቅ ለልብ ደስ የሚል ስለ ሆነ፣ ብዙ ገንዘብ የተከተለው እርሱን ነው። አንድን ሰው መውቀስ የአንድን ገበያ ጠባይ ከማጥናት ይቀላል፤ ሰው ሲሄድም ችግሩ አብሮት የሄደ ይመስላል። ይህ አሳብ ምን ያህል እንደሚያስከፍል ለማወቅ የፈጀው ጊዜ ሦስት ወር እንኳ አልሞላም።

ኦክቶበር 12 ቀን 2016 ኤሪክሰን የሦስተኛው ሩብ ዓመት ውጤት ከተጠበቀው እጅግ ያነሰ መሆኑን አስቀድሞ አስታወቀ። ሽያጩ 51.1 ቢሊዮን ክሮና ሆነ፤ ባለፈው ዓመት በተመሳሳይ ወራት 59.2 ቢሊዮን ነበር። ከሥራው የተገኘው ትርፍ ከ5.1 ቢሊዮን ወደ 0.3 ቢሊዮን ክሮና ወረደ። የአክሲዮኑ ዋጋ በዚያ አንድ ቀን ወደ 20 በመቶ ተቈረጠ። በሐምሌ «ሰውየው ሄዷል» ብሎ የገዛ ባለአክሲዮን በጥቅምት ከገንዘቡ አምስተኛውን እጅ በአንድ ቀን ሲያጣ፣ የሚወቅሰው ሥራ አስኪያጅ እንኳ በወንበሩ ላይ አልነበረም። በሬ ሆይ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ የተባለው ለእንዲህ ያለው ገዢ ነው። ሰውየው ከሄደ በኋላም ውሎቹ፣ ዕዳዎቹና የደንበኞቹ በጀት እንደ ነበሩ ቀርተው ነበርና።

በዚያው ወር መጨረሻ ቦርዱ ሚስተር ቦርዬ ኤክሆልምን ዋና ሥራ አስኪያጅ አድርጎ መረጠ፤ እርሳቸውም በጃኑዋሪ 2017 ሥራቸውን ጀመሩ። ምርጫው በብዙዎች ዘንድ ጥርጣሬን አስነሣ። ሚስተር ኤክሆልም ከ2006 ጀምሮ የኤሪክሰን ቦርድ አባል፣ ቀድሞም የዚያ ባለብዙ ድምፅ ኩባንያ የኢንቬስተር ሥራ አስኪያጅ የነበሩ ሰው ናቸው። ስለዚህ ያለፈውን ሁሉ ከቦርዱ ጠረጴዛ ዙሪያ ሆነው ያዩ ሰው አዲስ ነገር ምን ያመጣሉ ተብሎ መጠየቁ ተገቢ ነበር። የሚያስደንቀው ግን፣ ከኩባንያው ውጭ ያልመጣው ሰው ኩባንያው ለዓመታት ሳይናገር የቆየውን ነገር ለመናገር መድፈሩ ነው።

በማርች 2017 አዲሱ አስተዳደር ዕቅዱን ሲገልጥ የጀመረው ከኪሣራው ነበር። ትርፍ የማይሰጡ 42 የመረብ አስተዳደር ኮንትራቶች ተለይተው፣ ከእነርሱ የሚወጣው እንዲወጣ፣ ዋጋው የሚታረመው እንዲታረም፣ አሠራሩ የሚለወጠው እንዲለወጥ ተወሰነ። በመዝገብ ላይ እንደ ሀብት ተጽፈው፣ በእውነቱ ግን ያን ያህል ዋጋ ያልነበራቸው ንብረቶች ዋጋቸው እንዲቀነስ ተደረገ። የሠራተኞቹ ቁጥር በ2016 መጨረሻ ከ111 ሺሕ በላይ ነበር፤ በ2018 መጨረሻ ወደ 95 ሺሕ ወረደ። ለምርምር የሚወጣው ገንዘብ ግን በመቀነስ ፈንታ ተጨመረ። ከሁሉም አስቸጋሪ የነበረው ውሳኔ ይህ ነው፤ በጭንቀት ጊዜ የወጥ ቤቱን ወጪ ቀንሶ የዘሩን እህል አለመንካት ማለት ነውና።

የዚህ ሁሉ ውጤት በመጀመሪያ ሲታይ የሚያስደነግጥ ነበር። የ2017 ዓመት ወደ 35 ቢሊዮን ክሮና በሚደርስ የተጣራ ኪሣራ ተዘጋ። ለባለአክሲዮኖች በ2015 ሒሳብ ላይ በያንዳንዱ አክሲዮን 3.70 ክሮና ሲከፈል የነበረው የትርፍ ድርሻ አስቀድሞ ወደ 1 ክሮና ወርዶ ነበር፤ በዚያም ቀረ። አያሌ ባለአክሲዮኖች ተስፋ ቈርጠው ድርሻቸውን ሸጡ። በዚያው ዓመት ግን ሴቪያን ካፒታል የተባለው፣ ታማሚ ኩባንያዎችን እየመረጠ የሚገዛ የገንዘብ ማኅበር፣ ከአምስት በመቶ የሚበልጠውን የኤሪክሰን አክሲዮን ሰብስቦ ያዘ። ሁለቱም ወገኖች የተመለከቱት ያንኑ መዝገብ ነበር። አንደኛው በውስጡ የቁጥሩን ትልቅነት ብቻ አየ፤ ሁለተኛው ቁጥሩ እንዴት እንደ ተገኘ መረመረ። የቆየ ቍስል ሲታጠብ የሚወጣው ደምና አዲስ ቍስል የሚያፈሰው ደም መልካቸው አንድ ነው፤ ትርጓሜያቸው ግን አንድ አይደለም።

በ2018 ኩባንያው በጠቅላላ ሒሳቡ ገና ኪሣራ ቢኖርበትም፣ ከሥራው 1.2 ቢሊዮን ክሮና ትርፍ አገኘ። ያ ዓመት ከመፈጸሙ በፊት የአክሲዮኑ ዋጋ ሚስተር ቬስትበርግ ከተነሡበት ቀን ዋጋ በላይ ወጥቶ ነበር። በ2020 ደግሞ ከሥራው የተገኘው ትርፍ ወደ 28 ቢሊዮን ክሮና ደረሰ። እንግዲህ በሐምሌ 2016 በደስታ የገዛውም፣ በ2017 በሐዘን የሸጠውም ሁለቱም ተሳስተዋል። የሁለቱም ስሕተት ምንጩ አንድ ነው፤ አንዱ በሰው መሄድ፣ ሌላው በኪሣራው ትልቅነት ፈረዱ እንጂ የኩባንያውን ውስጣዊ ሥራ አልመረመሩም።

ይህ ነገር በኤሪክሰን ብቻ የታየ አለመሆኑን ከአትላንቲክ ማዶ ያሉት ሁለት ታላላቅ ቤቶች ይመሰክራሉ። በአሜሪካ የሉሰንት ኩባንያ ቦርድ በኦክቶበር 2000 ዋና ሥራ አስኪያጁን ሚስተር ሪቻርድ መክጊንን አንሥቶ፣ ቀድሞ የነበሩትን ሚስተር ሄንሪ ሻክትን መለሰ። ሁለት ወር ሳይሞላ፣ ባለፈው ሩብ ዓመት እንደ ሽያጭ ከተመዘገበው ውስጥ 679 ሚሊዮን ዶላር መሠረዝ እንዳለበት ኩባንያው አስታወቀ። ከዚህም የከፋው፣ ሉሰንት መሣሪያውን ለመሸጥ ሲል ለራሱ ደንበኞች ብዙ ገንዘብ ያበድር ነበር። ደንበኛው በሻጩ ገንዘብ የሻጩን ዕቃ ሲገዛ ሽያጩ በመዝገብ ላይ ያብባል፤ ደንበኛው ሲወድቅ ግን ዕቃውም ብድሩም አብረው ይጠፋሉ። እንዲህ ያለው ሽያጭ ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ እንደ ተባለው ነው። ሉሰንት በ2001 የሒሳብ ዓመቱ ከ16 ቢሊዮን ዶላር በላይ ከሠረ፤ በ2006 ከአልካቴል ጋራ ተዋሐደ፤ በመጨረሻም የኖኪያ ንብረት ሆነ።

የካናዳው ኖርቴል ታሪክ ከዚህ የባሰ ነው። በ2000 የአክሲዮኑ ዋጋ እጅግ ከፍ ብሎ፣ ከቶሮንቶ የአክሲዮን ገበያ መለኪያ ከሦስት አንድ እጅ የሚበልጠውን እርሱ ብቻውን ይዞ ነበር። በኤፕሪል 2004 ቦርዱ በሒሳብ አያያዝ ጉዳይ ዋና ሥራ አስኪያጁን ሚስተር ፍራንክ ደንን ከሥራ አሰናበተ፤ በዚያ ጊዜ አክሲዮኑ በደስታ ፈንታ በድንጋጤ ወደቀ። የቶሮንቶ ፍርድ ቤት በ2013 ሚስተር ደንንና ሁለት ባልደረቦቻቸውን ከማጭበርበር ክስ ነጻ እንዳወጣቸው በዚሁ መነገር ይገባዋል። ከእርሳቸው በኋላ ሁለት ዋና ሥራ አስኪያጆች ተፈራረቁ፤ ያለፉት ዓመታት ሒሳቦችም ደጋግመው ታረሙ። ነገር ግን ኩባንያው በየትኛው ሙያ እንደሚኖር ቈርጦ ሳይወስን ጊዜው አለፈበት፤ በጃኑዋሪ 2009 የኪሣራ አቤቱታ አቀረበ። ከሀብቱ ሁሉ ብዙ ገንዘብ ያወጡት የፈጠራ መብቶቹ ነበሩ፤ እነርሱም በ2011 በ4.5 ቢሊዮን ዶላር ተሸጡ። ምርምሩ ይህን ያህል ዋጋ ያለው ቤት በንግድ አያያዙ መውደቁ እጅግ የሚያሳዝን ነገር ነው።

ምናልባት አንዳንድ ሰው «እንግዲያውስ የአለቃ መልካምነትና ክፋት ምንም አይደለም ማለት ነውን?» ብሎ ይጠይቅ ይሆናል። እንዲህ ማለት አይደለም። ሚስተር ኤክሆልም ያደረጉትን ሌላ ሰው ላያደርገው ይችል ነበር። ነገር ግን አለቃ የሚመዘነው በሠራው ሥራ እንጂ በመጣበት ወይም በሄደበት ቀን በሚታየው ዋጋ አይደለም። ለዚህም ሁለት ማስረጃዎች አሉ። ተወቃሹ ሚስተር ቬስትበርግ በኦገስት 2018 በአሜሪካ ከታላላቆቹ የቴሌፎን ኩባንያዎች አንዱ የሆነው የቬራይዘን ዋና ሥራ አስኪያጅ ሆኑ፤ መሣሪያ ሻጭ የነበሩት ሰው የመሣሪያ ገዢ ቤት አለቃ ሆኑ ማለት ነው። ተመስጋኙ ሚስተር ኤክሆልም ደግሞ በ2022 ቮኔጅ የተባለውን የአሜሪካ ኩባንያ በ6.2 ቢሊዮን ዶላር ገዝተው፣ በሚቀጥለው ዓመት በመዝገብ ላይ ካለው ዋጋው ወደ 32 ቢሊዮን ክሮና የሚሆን ለመሠረዝ ተገደዱ። ኤሪክሰንም በ2023 እንደ ገና ከሥራው ከሠረ። ትናንት የተወቀሰ ሁሉ መናኛ አይደለም፤ ትናንት የተመሰገነም ሁሉ ከስሕተት የራቀ አይደለም።

ከዚህም ሌላ፣ አለቃ ሲለወጥ አብሮ የማይሄድ ዕዳ አለ። በዲሴምበር 2019 ኤሪክሰን በጂቡቲ፣ በቻይና፣ በቬትናም፣ በኢንዶኔዢያና በኩዌት በተፈጸሙ የጉቦና የሒሳብ አያያዝ ጥፋቶች ምክንያት ለአሜሪካ መንግሥት ከ1 ቢሊዮን ዶላር በላይ ለመክፈል ተስማማ። በጂቡቲ ብቻ ከመንግሥቱ የቴሌኮም ኩባንያ ወደ 20 ሚሊዮን ኤውሮ የሚሆን ውል ለማግኘት ሲባል ወደ 2 ሚሊዮን ዶላር የሚሆን ጉቦ ለባለሥልጣኖች መከፈሉ ተገልጧል። ጥፋቱ የተፈጸመው እስከ 2016 ባሉት ዓመታት ነው፤ ቅጣቱን የከፈሉት ግን በ2019 አክሲዮኑን ይዘው የተገኙት ሰዎች ናቸው። ኩባንያው የስምምነቱን ግዴታ በሚገባ ባለመፈጸሙም በ2023 ሌላ 206 ሚሊዮን ዶላር ተጨመረበት። አክሲዮን የሚገዛ ሰው ያለፈውን ዘመን ኃጢአት አብሮ እንደሚገዛ ከዚህ የበለጠ ምሳሌ አይገኝም።

ይህ ሁሉ በስቶክሆልምና በኒው ዮርክ የሆነ ነገር ነው፤ ለመርካቶና ለፒያሳ ነጋዴ ምን ይጠቅማል የሚል ቢኖር፣ መልሱ በሁለት መንገድ ይሰጣል። የመጀመሪያው በገዢነት ነው። የኢትዮጵያ የስልክ መረብ የተሠራው በውጭ አገር መሣሪያ ነው፤ በ2013 ለሁዋዌና ለዜድ ቲ ኢ ለያንዳንዳቸው የተሰጠው ሥራ 800 ሚሊዮን ዶላር ያህል ነበር። በ2018 የአሜሪካ መንግሥት ዜድ ቲ ኢ የአሜሪካን ዕቃ እንዳይገዛ በከለከለ ጊዜ ኩባንያው ዋና ሥራውን እስከ ማቆም ደርሶ፣ ክልከላው የተነሣለት ትልቅ ቅጣት ከፍሎና ቦርዱንም የበላይ ሹማምንቱንም በሙሉ ለውጦ ነው። የሻጭ መታመም ለገዢው የመለዋወጫ እጦት፣ የዋስትና መቋረጥ፣ የባለሙያ መጥፋት ሆኖ ይደርሰዋል። የጄኔሬተር፣ የፓምፕ ወይም የጽሕፈት ቤት መሣሪያ ወኪል የሆነ አስመጪም ከዚህ አያመልጥም። በውጭ ያለው ቤት አለቃውን በለወጠ ጊዜ ወኪሉ «እንኳን ደስ ያላችሁ» ብሎ ደብዳቤ ከመጻፉ አስቀድሞ፣ የወኪልነት ውሉ፣ የመለዋወጫው አቅርቦትና የዱቤው ጊዜ እንደ ነበሩ መጽናታቸውን በጽሑፍ ቢያረጋግጥ ይሻለዋል።

ሁለተኛው በባለአክሲዮንነት ነው። ከ1974 ወዲህ ለግማሽ ምዕት ዓመት ያህል ተዘግቶ የቆየው የአክሲዮን ገበያ በር በ2025 መጀመሪያ የኢትዮጵያ ሰነደ ሙዓለ ንዋዮች ገበያ ሲመረቅ እንደ ገና ተከፍቷል። ኢትዮ ቴሌኮምም ከኦክቶበር 2024 እስከ ፌብሩዋሪ 2025 የአንዱን አክሲዮን ዋጋ 300 ብር አድርጎ ለሕዝብ ባቀረበ ጊዜ ከ47 ሺሕ የሚበልጡ ሰዎች ወደ 10.7 ሚሊዮን የሚሆን አክሲዮን ገዝተዋል። ከእነዚህ ገዢዎች ውስጥ ብዙዎቹ አክሲዮን የሚያውቁት ዓመቱ ሲያልቅ የትርፍ ድርሻ የሚከፈልበት ወረቀት መሆኑን ብቻ ነው። ዋጋው በየቀኑ የሚወጣና የሚወርድ ሲሆን፣ የአንድ አለቃ መሾምና መሻርም በዋጋው ላይ ሲታይ፣ ልምድ የሌለው ባለአክሲዮን በወሬ እንዳይነዳ ከወዲሁ መማር ያስፈልገዋል።

የትምህርቱ ይዘት ለነጋዴ እንግዳ አይደለም፤ በየሱቁ የሚያደርገውን በትልቁ ማድረግ ነው። አለቃ የተለወጠበትን ኩባንያ የሚመዝን ሰው አስቀድሞ ሽያጩንና የተሰበሰበውን ገንዘብ ያስተያይ፤ ሽያጩ እያደገ ካዝናው የሚጎድል ከሆነ በዱቤው ውስጥ የተሰወረ ነገር አለ። ሁለተኛ፣ ዋናው ገቢ ከስንት ደንበኞች እንደሚመጣ፣ እነርሱም በሚመጣው ዓመት ለመግዛት በጀት ያላቸው መሆኑን ይጠይቅ። ሦስተኛ፣ ወጪ ተቀነሰ ሲባል የተቀነሰው ምን እንደ ሆነ ይይ፤ ትርፍ ሰዓትና ድግስ ቢቀነስ መልካም ነው፤ ምርምርና የባለሙያ ሥልጠና ቢቀነስ ግን የነገው ትርፍ ዛሬ ተበላ ማለት ነው። አራተኛ፣ የሻረውና የሾመው ቦርድ ራሱ ላለፈው ሥራ ምን ኃላፊነት እንደ ተቀበለ ይመርምር። አለቃውን ሽሮ ራሱን የማይመረምር ቦርድ ከሦስት ዓመት በኋላ ሌላ አለቃ መሻሩ አይቀርም።

ከኩባንያዎቹም በኩል የሚጠበቅ ግዴታ አለ። ዋና ሥራ አስኪያጅ ሲለቅ «በግል ምክንያት» የምትል አጭር ማስታወቂያ አውጥቶ ዝም ማለት የባለአክሲዮኑን ገንዘብ ለወሬኛ አሳልፎ መስጠት ነው። ቦርዱ ሰውየው ለምን እንደ ሄደ፣ በምን ውል እንደ ሄደ፣ ምን ያህል እንደ ተከፈለው፣ የሒሳቡም ሁኔታ እንዴት እንዳለ በአንድ ቀንና ለሁሉም በእኩልነት ሊያስታውቅ ይገባዋል። ተተኪውም በመጀመሪያው ዓመት መጥፎውን ወሬ ከነቁጥሩ ቢናገር ሊፈራ አይገባውም። ኤሪክሰን ከወደቀበት የተነሣው ሚስተር ቬስትበርግ በወጡበት ቀን አልነበረም፤ የ42ቱ ኮንትራቶች ስም ዝርዝር በጠረጴዛ ላይ በተዘረጋበት ቀን መነሣት ጀመረ። ዝርዝሩን ለማየት የጨከነ ባለአክሲዮን አተረፈ፤ የስንብቱን ደብዳቤ ብቻ ያነበበው ግን የደብዳቤውን ዋጋ ያህል ብቻ አገኘ።